የተቆለፈ የፓኬጅ መዝገብ ፋይል በማጥፋት አይከፈትም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ለአንድ አንባቢ የተሰጠው መልስ እርማት ስለሚያስፈልገው ይህን ጽፈናል። ጠያቂው ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሲስተም በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ሊጨምር ሲል የፓኬጅ መዝገቡ (የተጫኑት ፕሮግራሞች፣ ማለትም ፓኬጆች፣ ዝርዝር) ተቆልፏል የሚል መልእክት ይመጣበታል። የተሰጠው መልስ «የሎክ ፋይሎቹን በሱዶ አርኤም አጥፋና እንደገና ሞክር» የሚል ነው። «ሎክ» መቆለፊያ ማለት ነው፤ «ሱዶ» ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈጽማል፣ «አርኤም» ፋይል ያጠፋል። ምክሩ አዲስ አይደለም፤ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ሁሉ ሲናገረው ይሰማል። ብዙ ጊዜም የሠራ ይመስላል። መዘዙ የሚመጣው ከርሞ ስለሆነ ከዚያች አንዲት ትዕዛዝ ጋር የሚያያይዘው ሰው የለም።

ጋዜጣው በፊደል ስለሚታተም ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የሚገቡት ግን በላቲን ፊደል ነው።

በዴቢያን፣ በኡቡንቱና በሊኑክስ ሚንት ላይ ፋይሉ ራሱ መቆለፊያ አይደለም። «/ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ሎክ» የሚባለው ፋይል መጠኑ 0 ባይት ነው፤ ምንም ፕሮግራም በማይጫንበት ሰዓትም እዚያው ተቀምጦ ይገኛል። «ኤልኤስ -ኤል» ብሎ ማየት ይቻላል። መቆለፍ ማለት አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ይህን ፋይል ከፍቶ፣ የያዘው እርሱ መሆኑን ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ዘንድ ማስመዝገቡ ነው። ይዞታው ያለው ከርነሉ ጋ እንጂ ዲስኩ ላይ አይደለም። ፕሮሰሱ ሥራውን ሲጨርስም ሆነ በመሃል ሲሞት፣ በ«ኪል -9» በግዳጅ ቢገደል እንኳ፣ ከርነሉ ይዞታውን ወዲያው ያነሳዋል። መብራት ሲጠፋማ ከርነሉም አብሮ ስለሚጠፋ የሚቀር ነገር የለም።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከተነሳ በኋላ፣ ካለፈው የተረፈ ባለቤት የሌለው መቆለፊያ በዴቢያን ቤተሰብ ሊኖር አይችልም። ከሪስታርት በኋላም ያው መልእክት ከመጣ፣ በዚያች ደቂቃ መዝገቡን በእርግጥ የያዘ ሌላ ፕሮሰስ አለ። ሥራው እርሱን መፈለግ ነው።

ፋይሉን ማጥፋት በር ላይ የተለጠፈውን «ሰው አለ» የሚል ወረቀት ቀዶ እንደ መጣል ነው፤ ሰውየው ግን ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ፕሮሰስ የተሰረዘውን ፋይል ይዞ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሊኑክስ ላይ የተከፈተ ፋይል ስሙ ቢሰረዝም የከፈተው እስኪዘጋው ድረስ አለ። አዲሱ «አፕት» (ፓኬጅ አውርዶ የሚያስጭነው ፕሮግራም) ደግሞ በዚያው ስም ሌላ ፋይል ፈጥሮ ያንን ይቆልፋል። ሁለቱም ብቻቸውን ያሉ ይመስላቸዋል። ዲፒኬጂ (አፕት የሚጠራውና ፓኬጁን ዲስኩ ላይ የሚጭነው) ሲጀምር «/ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ስታተስ» የተባለውን መዝገብ አንብቦ ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጣል፤ በኋላ አዲስ ቅጂ ጽፎ በአሮጌው ቦታ ይተካዋል። ሁለት ሲሆኑ የኋለኛው የፊተኛውን ይውጠዋል። ዲስኩ ላይ ተጭነው መዝገቡ የማያውቃቸው ፓኬጆች፣ ወይም መዝገቡ «አሉ» ብሎ ፋይላቸው ግማሽ የሆነ ላይብረሪዎች የሚፈጠሩት እንዲህ ነው። ከወራት በኋላ ኡቡንቱን ወደሚቀጥለው እትም ለማሳደግ ሲሞከር የሚመጣው የማይፈታ የጥገኝነት ስህተት (አንዱ ፓኬጅ የሚፈልገውን ሌላ ፓኬጅ ማጣቱ) ምንጩ አንዳንዴ ይህ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው አካሄድ መልእክቱን እስከ መጨረሻው በማንበብ ይጀምራል። በቅንፍ 13 የሚል ቁጥር ካለ ፈቃድ የለህም ማለት ነው፤ «ሱዶ» ተረስቷል፣ የተቆለፈ ነገር የለም። 11 ከሆነ የያዘው ሌላ አለ። አዳዲሶቹ የአፕት እትሞች የያዘውን ፕሮሰስ ቁጥርና ስም ጭምር ይነግራሉ። «አንአተንድድ-አፕግር» ብሎ የተቆረጠ ስም ካያችሁ አትደንግጡ፤ ሊኑክስ የፕሮሰስ ስም ከ15 ፊደል በላይ ስለማይዝ የተቆረጠ የራስ-ሰር ማሻሻያው ስም ነው።

የትኛው ፋይል እንደተያዘም ብዙ ይናገራል። ፋይሎቹ አራት ናቸው። «/ቫር/ሊብ/አፕት/ሊስትስ/ሎክ» ከተያዘ አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም «አፕዴት» እያደረገ ነው። «/ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ/ሎክ» ከሆነ ፓኬጅ እያወረደ ነው። «ሎክ-ፍሮንትኤንድ» አፕት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዞት የሚቆየው ነው። ያለ ቅጥያ «ሎክ» የሚባለው ደግሞ የዲፒኬጂ የራሱ ነው። ሁለቱ የተለያዩበት ምክንያት አለ፤ አፕት ዲፒኬጂን በጠራ ቁጥር የዲፒኬጂን መቆለፊያ ለእርሱ መልቀቅ ነበረበት፣ በዚያች ክፍተት ሌላ ፕሮግራም ሾልኮ ይገባ ነበር። ፍሮንትኤንድ የተጨመረው ክፍተቱን ለመድፈን ነው።

የያዘውን ለማወቅ «ሱዶ ኤልኤስኦፍ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ሎክ-ፍሮንትኤንድ» ወይም «ሱዶ ኤፍዩዘር -ቪ» ብሎ ያንኑ ፋይል መጥራት ይበቃል። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ግን «ፒኤስ» እና «ግሬፕ»ን ነው (የፕሮሰሶችን ዝርዝር አውጥቶ በስም መፈለግ)፤ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኡቡንቱ ላይ «አንአተንድድ-አፕግሬድ-ሻትዳውን» የሚባል ፕሮሰስ ኮምፒውተሩ ከተነሳ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ ይኖራል። ሥራው መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ማሻሻያው በመሃል እንዳይቋረጥ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ምንም የቆለፈው ነገር የለም። በግሬፕ ዝርዝሩ ላይ ግን ሁሌም ስለሚታይ ያለ ጥፋቱ ይገደላል፣ ገዳዩም «ገደልኩት፣ አሁንም ተቆልፏል» ይላል። ስለዚህ ፋይሉን ማን እንደከፈተው ጠይቁ እንጂ በስም አትፈልጉ።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ፕሮሰሱ እየሠራ ነው ወይስ ቆሟል የሚለው ይከተላል። በሌላ መስኮት «ሱዶ ቴይል -ኤፍ /ቫር/ሎግ/ዲፒኬጂ.ሎግ» ክፈቱ፤ ዲፒኬጂ የሠራውን በየመስመሩ የሚጽፍበት ሎግ ነው። መስመር እየተጨመረ ከሆነ ሥራ ላይ ነው፤ እጃችሁን ሰብስቡ። ካልተንቀሳቀሰ «ፒኤስ -ኦ ስታት፣ኢታይም -ፒ» ብላችሁ ከነቁጥሩ ስጡት፤ ፊደል ያሳያችኋል። «ቲ» ከሆነ አንድ ሰው ኮንትሮልና ዜድ ተጭኖ አቁሞት ሄዷል። ኮንትሮል-ዜድ ፕሮግራምን የሚዘጋ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እርሱ የሚያደርገው ማስቆም ብቻ ነው፣ መቆለፊያውም በእጁ ይቆያል። በቆመበት ተርሚናል «ኤፍጂ» ማለት ያስቀጥለዋል። «ዲ» ከሆነ ዲስኩን እየጠበቀ ነው፤ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ይህ ረጅም ሊሆን ይችላል፣ ደጋግሞ ከታየ ግን መመርመር ያለበት ዲስኩ ነው። «ኤስ» ሆኖ ሎጉም ጭጭ ካለ ደግሞ ጥያቄ አቅርቦ መልስ እየጠበቀ ይሆናል። አንድ የማስተካከያ ፋይል በእጅ ተቀይሮ ከሆነ ዲፒኬጂ «አዲሱን ላስገባ ወይስ ያለውን ላቆይ» ብሎ ይጠይቃል፤ ኢንተር ብቻ ቢጫኑ ያለው ይቆያል። ጥያቄው በሌላ መስኮት ወይም በተቋረጠ የኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ) መስመር ላይ ቀርቶ ከሆነ ማንም አያየውም። ሰርቨር ላይ ከርቀት ሲሠራ ማሻሻያ በ«ቲመክስ» ወይም በ«ስክሪን» ውስጥ መሠራት ያለበት ለዚህ ነው፤ መስመሩ ቢቆረጥም ተመልሶ ገብቶ ጥያቄውን መመለስ ይቻላል።

መጠበቅ ከተወሰነ ለእሱም መንገድ አለው። ከኡቡንቱ 20.04 ጀምሮ «አፕት» ራሱ ተርሚናል ላይ ሲጠራ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል፤ «አፕት-ጌት» ግን አይጠብቅም፣ ወዲያው ስህተት ጥሎ ይወጣል። ስክሪፕት ውስጥ አፕት-ጌት ያለው ሰው «-ኦ ዲፒኬጂ::ሎክ::ታይምአውት=300» ይጨምርበት፤ 300 ሴኮንድ ይታገሣል። አዲስ የተከራዩት የክላውድ ሰርቨር ላይ የመጀመሪያው ትዕዛዝ የሚወድቀውም በዚሁ ነው፤ ሰርቨሩ እንደተነሳ «ክላውድ-ኢኒት» (አዲስ ሰርቨር የሚያዘጋጀው ፕሮግራም) የራሱን ፓኬጅ እየጫነ ሊሆን ይችላል። «ክላውድ-ኢኒት ስታተስ --ዌይት» እስኪጨርስ ያስጠብቃል።

ማስቆም ግድ ከሆነስ? የተያዘው የሊስትስ ወይም የአርካይቭስ መቆለፊያ ብቻ ከሆነ ኢንተርኔቱ ተንቀራፎ የቆመ ማውረድ ነው፤ «ሱዶ ኪል» ብሎ ማቆም ጉዳት የለውም፤ በከፊል የወረደው «ፓርሻል» በሚባለው ፎልደር ስለሚቀመጥ ብዙውን ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል። ዲፒኬጂ ሥራ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የራስ-ሰር ማሻሻያው ከሆነ ያለ «-9»፣ ከፕሮሰሱ ቁጥር ጋር ብቻ «ሱዶ ኪል» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ የጀመረውን ጨርሶ እንዲቆም ተደርጎ ስለተሠራ ደቂቃዎች ስጡት። «-9» የመጨረሻ ነገር ነው፤ በተለይ ከርነል እየተጫነ ከሆነ፣ የመነሻ ምስሉ ግማሽ ተጽፎ ሊቀርና ኮምፒውተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ላይነሳ ይችላል።

ከማንኛውም መቋረጥ በኋላ ሁለት ትዕዛዞች በቅደም ተከተል ይከተላሉ። መጀመሪያ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፤ ተፈትተው ያልተዋቀሩትን ይጨርሳል። ቀጥሎ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»፤ የጎደለ ጥገኛ ካለ ያሟላል። ከዚያ «ዲፒኬጂ --ኦዲት» ምንም ሳይጽፍ ከተመለሰ ሰላም ነው። ሁለቱ ትዕዛዞች ሳያልቁ ሪስታርት አታድርጉ። አንድ ፓኬጅ በስም እየተጠራ አልዋቀርም ካለ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል --ሪኢንስቶል» ከነስሙ ሞክሩ። ከዚያ በፊት ግን «ዲኤፍ -ኤች» ብላችሁ የዲስኩን ባዶ ቦታ እዩ። የ«/ቡት» ክፍልፋይ በአሮጌ ከርነሎች ሞልቶ 100 በመቶ ካሳየ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ደጋግሞ ይወድቃል፤ መልእክቱ ስለ ቦታ የሚናገረው ደግሞ ከብዙ መስመር መሃል ተደብቆ ነው። «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ --ፐርጅ» አሮጌዎቹን ያነሳል።

መብራት በመሃል ሲጠፋ የሚደርሰው ከሁሉም ይከፋል፤ እዚህ አገር ደግሞ ብርቅ አይደለም። ዲፒኬጂ የጻፈው ዲስክ ላይ መድረሱን ሳያረጋግጥ ስለማይቀጥል መዝገቡ በቀላሉ አይበላሽም። ነገር ግን «ጻፍኩ» ብለው የሚዋሹ ርካሽ ዲስኮች አሉ። ስታተስ ፋይሉ ባዶ ወይም በማይነበብ ምልክት የተሞላ ከሆነ መጀመሪያ የተበላሸውን በሌላ ስም ገልብጡት። ከዚያ እዚያው ጎኑ ያለውን «ስታተስ-ኦልድ» ተመልከቱ፤ እሱም ከተበላሸ «/ቫር/ባክአፕስ» ውስጥ «ዲፒኬጂ.ስታተስ.0» አለ፣ ከእሱ የቆዩትም በቁጥር ተከታትለውና ተጨምቀው ተቀምጠዋል። ደህናውን መልሳችሁ ቦታው ላይ አስቀምጡና ከመጠባበቂያው ቀን ወዲህ የተጫነውን ከዲፒኬጂ ሎግ እያነበባችሁ እንደገና ጫኑት። ስህተቱ «/ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/አፕዴትስ» ውስጥ ያለ ባለቁጥር ፋይል የሚጠቅስ ከሆነ ያንን ብቻ ወደ ሌላ ቦታ አንሱት፤ ስታተሱን አትንኩ። ዩፒኤስ ያለው መሥሪያ ቤትም ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ሳያውቅ ትልቅ ማሻሻያ ባይጀምር ይሻላል።

«ፋይሉን አጥፋ» የሚለው ምክር ከየት መጣ ቢባል፣ ትክክል የሚሆንበት ቤት ስላለ ነው። አርች ሊኑክስና ማንጃሮ የሚጠቀሙበት «ፓክማን» የሚቆልፈው በተቃራኒው መንገድ ነው። «/ቫር/ሊብ/ፓክማን/ዲቢ.ኤልሲኬ» የሚባል ፋይል ሲጀምር ይፈጥራል፣ ሲጨርስ ያጠፋል፤ የፋይሉ መኖር ራሱ መቆለፊያው ነው። መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ዲስኩ ላይ ይቀራል፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳም «መዝገቡን መቆለፍ አልተቻለም» ይላል። እዚያ ፓክማንም ሆነ የእርሱን ሥራ የሚሠራ ባለመስኮት ፕሮግራም አለመኖሩን በ«ፒኤስ» አረጋግጦ ፋይሉን በ«ሱዶ አርኤም» ማንሳት ትክክለኛው መፍትሔ ነው፤ ፓክማን ራሱ በመልእክቱ ይህንኑ ይጠቁማል። ማረጋገጡን መዝለል ግን እዚያም ያስከፍላል። ፌዶራና ቤተሰቦቹ ደግሞ ሌላ ናቸው። የሚጠቀሙበት «ዲኤንኤፍ» የያዘውን ፕሮሰስ ቁጥር ጠቅሶ ራሱ ይጠብቃል፤ ከበስተጀርባ የያዘው ብዙ ጊዜ «ፓኬጅኪት» የተባለ አገልግሎት ነው። በድሮዎቹ እትሞች፣ መዝገቡ በርክሌይ ዲቢ በተባለ የመረጃ ማከማቻ በነበረበት ዘመን፣ «/ቫር/ሊብ/አርፒኤም» ውስጥ በ«__ዲቢ» የሚጀምሩትን ፋይሎች አጥፍቶ «አርፒኤም --ሪቢልድዲቢ» ማለት የታወቀ ጥገና ነበር። ከፌዶራ 33 (2020) ወዲህ መዝገቡ ኤስኪውላይት ወደተባለ ሌላ ማከማቻ ስለተዛወረ የሚጠፋ «__ዲቢ» ፋይል የለም። የአንዱን ቤት መድኃኒት ለሌላው ማዘዝ ነው ጋዜጣው ላይ የታየው።

የጠያቂው ችግር በየማለዳው የሚደጋገም ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ሰዓቱ ነው። ኡቡንቱ ሁለት የሰዓት ቀጠሮዎች አሉት። «አፕት-ዴይሊ» ዝርዝሩን የሚያድስና ፓኬጅ የሚያወርድ ሲሆን የተቀጠረው ለ6:00 እና ለ18:00 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱና ከምሽቱ 12 ሰዓት። በላዩ ላይ እስከ 12 ሰዓታት ሊረዝም የሚችል የዕጣ መዘግየት ስላለው በቀን ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ሊነሳ ይችላል። «አፕት-ዴይሊ-አፕግሬድ» የሚጭነው ነው፤ ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነሳል። በዚያ ሰዓት ግን የቢሮ ኮምፒውተር ጠፍቶ ነው ያለው። ቀጠሮው ደግሞ ያለፈውን እንዲያካክስ ስለተዘጋጀ ሠራተኛው 2:30 ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲያበራ ያመለጠውን ሥራ ብዙም ሳይቆይ ሊጀምር ይችላል፤ ባለሙያው ፕሮግራም ሊጭን የሚቀመጠውም በዚያው ሰዓት ነው። የሰዓት ቀጠናው በዓለም አቀፉ መለኪያ በተተወ ሰርቨር ላይ ደግሞ 6:00 ማለት አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ በሥራ ሰዓት መሃል።

ማሻሻያውን ጨርሶ ማጥፋት አይመከርም፤ የጸጥታ ጥገናዎች የሚገቡት በእርሱ ነው። ሰዓቱን መቀየር ይበቃል። «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኤዲት አፕት-ዴይሊ.ታይመር» ሲባል በሚከፈተው ገጽ ላይ «ታይመር» የሚለውን ርዕስ በማዕዘን ቅንፍ ከጻፉ በኋላ «ኦንካሌንደር=» ብሎ ባዶ መተው ያስፈልጋል። ይህች ባዶ መስመር ከተረሳች አዲሱ ሰዓት ከአሮጌው ጋር ይደመራል እንጂ አይተካውም። ከሥሯ «ኦንካሌንደር=12:30» እና «ራንደማይዝድዲሌይሴክ=10ኤም» ይጻፋሉ። 12:30 የማሽኑ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከቀኑ 6:30፣ ቢሮው ለምሳ ሲወጣ። ለ«አፕት-ዴይሊ-አፕግሬድ.ታይመር»ም እንዲሁ አድርጎ 13:00 ማለት ይቻላል። «ሲስተምሲቲኤል ሊስት-ታይመርስ» ቀጣዩን ቀጠሮ ያሳያል፤ ካልተቀየረ ብዙ ጊዜ የተረሳችው ያቺው ባዶ መስመር ናት። ብዙ ኮምፒውተር ባለበት የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲያወርዱ መስመሩ ስለሚጨናነቅ መቆለፊያው በየማሽኑ ይረዝማል፤ አንዱ ላይ «አፕት-ካሸር-ኤንጂ» ጭኖ ሌሎቹን በፖርት 3142 ወደ እርሱ ማዞር አንድን ፓኬጅ ከኢንተርኔት አንዴ ብቻ ያስወርዳል።

መልሱ በሚቀጥለው እትም በዚያው ዓምድ ላይ ቢታረም እንወዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰርቨር አስተዳደር ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ